ወደ ሂርና የሚያወጣ መሰላል

የሃያ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሥራዬ የሰው ጭንቀት ከአማርኛ ወደ ፈረንሳይኛ መተርጎም ነበር። የቀረውን ሳምንት ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር፣ አባቴ ሱቅ፣ ጨርቅ እየለካሁ እሸጥ ነበር። አባቴ የድሬዳዋ ነጋዴ ነው፤ ጅቡቲ ያመጣኝም በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ፈረንሳይኛውን ከትምህርት ቤት አገኘሁት፤ ሶማልኛውን ደንበኞች አስተማሩኝ፤ አማርኛውን ከድሬዳዋ ይዤው መጥቻለሁ።

አንድ ቀን ጨርቅ ልትገዛ የገባች ወጣት ጅቡቲያዊት፣ ከአንዲት የአገሬ ሴት ጋር በአማርኛ በዋጋ ስከራከር ቆማ ሰማችኝ። ሴትዮዋ ከወጣች በኋላ፣ «ፈረንሳይኛም ትችያለሽ?» አለችኝ። ፈረንሳይ አገር የሥነ ልቦና ሕክምና ተምራ ገና መመለሷ ነበር። ካርቲየ አንድ ውስጥ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ትሠራለች። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያት ወደ እሷ መምጣት ጀምረዋል፤ እሷ ግን አማርኛ አታውቅም። አባቴ «ሥራ ነው ወይስ ጽድቅ?» ብሎ ጠየቃት። «ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ» አለችው። ሳቀና ፈቀደልኝ።

የመጀመሪያው ቀን አንድ ሕግ ሰጠችኝ። «አንቺ እዚህ ክፍል ውስጥ ድምፅ ነሽ» አለችኝ። «ምንም አትጨምሪ፤ ምንም አታስቀሪ።» ቀላል መስሎኝ ነበር።

ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ አንዲት ሴት ነው። በእኔና በእሷ መካከል የስምንት ዓመት ልዩነት ነበር፤ እሷ ሠላሳ ሁለት። አገሯ ሂርና ነው፤ ከድሬዳዋ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቢን አለፍ ሲሉ የሚገኝ ብርዳም ከተማ። ራስ ዲካ በተባለው ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር፣ ከአንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ጋር እየኖረች ትሠራ ነበር። አሠሪዋ በመኪና ክሊኒኩ ደጃፍ አምጥታ ስታወርዳት በመስኮት አየኋት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ገባች። ዓይነ ስውር መስላኝ ወንበሩን ልይዝላት ተነሣሁ።

ከተቀመጠች በኋላ ዓይኗን ገለጠችና መጀመሪያ የተናገረችው፣ «አማርኛ የሚሰማ ሰው አለ ብለውኝ ነው የመጣሁት» የሚል ነበር።

«አለሁ እህቴ» አልኳት።

ነገሩ የጀመራት ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሙቀቱ በበረታበት ወር፣ ቲማቲምና ሽንኩርቷን ታቅፋ ከገበያ ስትመለስ፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ሳለ ልቧ ሳይታሰብ መደለቅ ጀመረ። ትንፋሿ አጠረ። ጣቶቿ ደነዘዙ። «አውርዱኝ፣ ልሞት ነው!» ብላ በአማርኛ ጮኸች፤ የሰማት የለም። ቲማቲሙ መሬት ላይ ተበተነ። ሰዎች አውርደው ውኃ አፈሰሱባት። ሆስፒታል ወስደዋት ልቧን መረመሯት፤ ጤነኛ ነሽ ተባለች። በሳምንቱ ግን ደገማት። ከዚያ ሚኒባስ ተወች። ቀጥላ ገበያውን ተወች። በመጨረሻ ከግቢው በር ውጭ ያለውን ነገር በሙሉ ተወችው። እኛ ዘንድ ስትመጣ በሩን ካለፈች አምስት ወር ሆኗት ነበር።

ሐኪሟ እየሰማች ወረቀት ላይ ክብ ሣለች። ክቡ ላይ አራት ቦታ ጻፈችና በጣቷ እያሳየች አስረዳቻት፤ እኔም እየተከተልኩ ተረጎምኩ። «ልብሽ ትመታለች። አንቺ ‹ልሞት ነው› ብለሽ ታስቢያለሽ። ስታስቢው ትፈሪያለሽ። ስትፈሪ ልብሽ የባሰ ትመታለች። ከዚያ ትሸሺያለሽ፤ ስለሸሸሽ የዳንሽ ይመስልሻል። ግን ባትሸሺስ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አታውቂም።»

ሴትዮዋ ክቡን አተኩራ አየችው። «እንደ ወፍጮ በሬ ማለት ነው» አለች። ተረጎምኩት። ሐኪሟ የወፍጮ በሬ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ እኔ ራሴም አይቼ አላውቅም ነበርና ሴትዮዋ «ሲዞር ይውላል፤ የትም አይደርስም» ብላ ለሁለታችንም አስረዳችን።

ቀጥሎ ሰውነቷ ላይ የሚሰማትን እንድትዘረዝር ተጠየቀች። «ልቤ ይደልቃል፤ እጄ ይደነዝዛል፤ ልጄን ሳስባት ደግሞ ሆዴ ይባባል» አለች። እኔ ቸኩዬ የመጨረሻውን «ሆዷን ያማታል» ብዬ ተረጎምኩት። ሐኪሟም ክቡ ውስጥ ጻፈችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ «የሆድ ሕመሙ ከልብ ምቱ ይቀድማል ወይስ ይከተላል?» ብላ ስትጠይቅ ፊቴ ጋለ። የሆድ ሕመም እንዳልሆነ፣ ሰው ስለሚወደው ሰው ሲያስብ አንጀቱ ሲላወስ የሚለው ቃል እንደሆነ ነገርኳት። ብዕሯን አስቀመጠች። ለራሷ በሶማልኛ አንድ ቃል አጉረመረመችና ከክቡ ውስጥ ሰርዛው ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ለብቻው ጻፈችው።

«ይሄ ከሕመሙ አይደለም» አለችኝ። «ምን ማድረግ እንደምትፈልግ ጠይቂያት።»

«ፍርሃቱ ይጥፋልኝ» አለች ሴትዮዋ።

«ፍርሃት ከማንም አይጠፋም። ፍርሃቱ ባይኖርብሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

ወደ ማራገቢያው ቀና አለች። «ሂርና እሄድ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ልጄ እናቴ ጋ ናት። ስመጣ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ዘጠኝ ሞላት። ዘንድሮ እሄዳለሁ ብዬ ልብስ ገዝቼላት፣ ልብሱ ሻንጣ ውስጥ እያለ አጠራት። ከበር መውጣት ያልቻልኩ ሴት አውቶቡስ ውስጥ እንዴት ብዬ እቀመጣለሁ?»

ይህን ስተረጉም ድምፄ ተሰበረብኝ። ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ። ለምን እንደተሰበረ ያን ጊዜ አልነገርኳትም።

እንግዲህ ዕቅዱ ተጀመረ። ሐኪሟ መሰላል ሣለች፤ ከታች ቀላሉን፣ ከላይ ከባዱን። እያንዳንዱን «ፍርሃቱ ከአሥር ስንት ነው?» እያለች ጠየቀቻት። በሩ ላይ መቆም ሦስት። ጥግ ያለው ሱቅ ድረስ መሄድ አራት። ባሕሩ ዳር ለብቻ መሄድ አምስት። ታክሲ ስድስት። ሚኒባስ፣ በሩ አጠገብ፣ ሰባት። ሚኒባስ፣ መሐል ላይ፣ ሲሞላ፣ ዘጠኝ። የድሬዳዋው አውቶቡስ አሥር፤ «ከአሥር በላይ ቁጥር የለም?» አለች። ደብተር ተሰጣት። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ እጅ ጽሑፏ ከእኔ ያምር ነበር። በአንድ በኩል «ይሆናል ብዬ የፈራሁት»፣ በሌላው «የሆነው» ብላ ትጽፋለች። መውጣት ብቻ አይደለም፤ ፍርሃቱ ሲመጣ ሳትሸሽ ባለችበት ቆይታ፣ እንዴት እንደሚወጣና እንዴት እንደሚወርድ ማየት አለባት። የቤት ሥራው ይኸው ነበር።

አንድ ማክሰኞ ሐኪሟ ወንበሮቹን ገፋ አድርጋ «ዛሬ እንሮጣለን» አለች። ልብ በሩጫ ቢደልቅ ሰው እንደማይሞት ልታሳያት ነው። በዚያ ሙቀት ሦስታችንም በቆምንበት ሮጥን። ሴትዮዋ መጀመሪያ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ደረቷን ይዛ ልትቀመጥ አለች። «ቆይ፣ ቆይ» አልኳት። ቆየች። ትንሽ ቆይታ ሐኪሟ ስታለከልክ ስታይ ሳቋ አመለጣት። «ዶክተሯን ውኃ ስጫቸው፤ እሳቸው ሳይቀድሙኝ» አለች። ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ሐኪሟና ሴትዮዋ የተጣሉት በጸበሏ ነው። ሱቅ ስትሄድም፣ ባሕር ዳር ስትቀመጥም፣ ቦርሳዋ ውስጥ ጸበል የያዘች ትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ ነበረች። ፍርሃቱ ሲመጣ ጠርሙሷን ጨብጣ ትይዛለች። ሐኪሟ ይህን ስትሰማ፣ «ጠርሙሱን እቤት ትተወው» አለች። እኔ እስላም ነኝ፤ ይህን ለክርስቲያን ሴት መተርጎም ጭንቅ ሆነብኝ። ግን ሕጉ ሕግ ነው፣ ተረጎምኩት።

«ጸበሌን ተይ ነው የሚሉኝ?» አለች፣ ዓይኗ ተለውጦ። ተነሣችና ቦርሳዋን አነገተች።

ሐኪሟ ቶሎ አለች፤ «ጸሎትሽን አልነካም። እኔም እጸልያለሁ። ግን በኋላ ማን አዳነኝ ትያለሽ? ጠርሙሱ የጠፋ ቀንስ?»

ሴትዮዋ በሩን ከፍታ ሄደች። ያን ሳምንት ተመልሳ የምትመጣ አልመሰለኝም። በቀጣዩ ማክሰኞ ግን መጣች፤ ቦርሳ አልያዘችም። «ጠዋት ጸልዬ ጠጥቼ ወጣሁ» አለች። «እግዚአብሔር በላስቲክ ውስጥ አይኖርም፤ እሱን አውቃለሁ። የረሳሁት እኔ ነኝ።»

ሚኒባሱ ላይ የወጣነው እኔና እሷ ነን። መጀመሪያ በሩ አጠገብ፣ ሦስት ጊዜ። ቀጥሎ መሐል ላይ፣ ሰው እስኪሞላ ጠብቀን። ያ የመጨረሻው ቀን በዕቅዱ ላይ ያልነበረ ነገር ገጠመን። ሰባት ሰዓት አለፍ እንዳለ ጫት የጫነው መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ከተማ ገባ። ሾፌራችን ሞተሩን አጥፍቶ፣ መኪናውን መንገድ መሐል ጥሎ፣ ጫቱን ሊገዛ ሮጠ። ከፊታችን ያሉት ወንዶች ተከትለውት ወረዱ። ከፊትም ከኋላም መኪና ቆመ። እኛ መሐል ላይ፣ አጠገባችን ሁለት ወፍራም እናቶች፣ መስኮቱ የማይከፈት፣ አየሩ እንደ እንፋሎት። እጄን ጨመቀችኝ፣ ከዚያ ራሷ ለቀቀችኝ።

«ስንት ሆነ?» አልኳት።

«ዘጠኝ። አይ፣ አሥር። እህቴ፣ ልውረድ።»

«መውረድ ትችያለሽ። በሩ ክፍት ነው።»

በሩን አየችው። አልወረደችም። አጠገቧ ያሉት እናት በሶማልኛ «ምን ሆናለች?» አሉኝ፤ «ትምህርት እየተማረች ነው» አልኳቸው። ሌላ ነገር አልመጣልኝም። ከደቂቃዎች በኋላ «ስምንት» አለች፤ ትንሽ ቆይታ «ስድስት»። ሾፌሩ ጉንጩን ነፍቶ ሲመለስ «ሦስት» ብላ አይታው ሳቀች። ራስ ዲካ ወርደን ባሕሩ ዳር ተቀመጥን። ደብተሯን አውጥታ የጻፈችውን አሳየችኝ። ይሆናል ብዬ የፈራሁት፦ ልሞት። የሆነው፦ አላበኝ።

አሠሪዋ የአንድ ወር ፈቃድ ሰጠቻት። ጉዞው በመጪው ሐሙስ ሆኖ ሳለ፣ ማክሰኞ ዕለት ከመሄዷ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ተሰባሰብን። ሐኪሟ «ስትደርሺ ምን ይሆናል ብለሽ ትጠብቂያለሽ?» አለቻት።

«ልጄ ሮጣ አንገቴ ላይ ትጠመጠማለች» አለች። ተረጎምኩት። ተርጉሜ አፌን መዝጋት ነበረብኝ። አልቻልኩም።

እኔ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ እናቴ ለሥራ ጅዳ ሄዳ ነበር። አሥር ዓመቴ ላይ ተመለሰች። አያቴ ቤት ደጃፍ አንዲት ጥቁር አባያ የለበሰች ሴት ቆማ «ነይ ልጄ» ስትለኝ፣ ሮጬ አያቴ ጀርባ ተደበቅሁ። የወርቅ ጆሮ ጌጥ አምጥታልኝ ነበር፤ አላደርግም አልኩ። በስሟ እጠራታለሁ እንጂ እማዬ አልላትም። በሁለተኛው ወር «ልጄ እኔን አትፈልገኝም» ብላ ለአያቴ ነግራ ተመልሳ ሄደች። እፈልጋት ነበር። መኪናው ሲንቀሳቀስ ግንብ ላይ ወጥቼ እስኪጠፋ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ እዚያው ጅዳ ሞታ ተቀበረች።

ይህን ሁሉ ለሴትዮዋ በአማርኛ ነገርኳት። «ልጅሽ ላትሮጥልሽ ትችላለች» አልኳት። «ትሸሽሽ ይሆናል። ስትሸሽሽ ግን አልፈልግሽም ማለቷ አይደለም።»

ሐኪሟ «ምን እያልሻት ነው?» አለችኝ። በፈረንሳይኛ ደገምኩላት። ፊቷ ጠቆረ። «ሕጋችንን አፍርሰሻል» አለች። እውነቷን ነው። አቀረቀርኩ። ሴትዮዋ ታለቅሳለች፤ ባጠፋሁት ጥፋት ጉዞው የቀረ መሰለኝ።

«ስለሰማሽው ነገር ምን ትያለሽ?» ብላ ሐኪሟ ጠየቀቻት።

ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ፣ «እኔስ መቼ አጣሁት» አለች። «አሁን የማስበው ሚኒባሱን አይደለም፤ እሱን ነው። ከአፌ ማውጣት ፈርቼ እንጂ። ብትሸሸኝ የምሆነውን አላውቅም።»

ሐኪሟ መሰላሉን ከፋይሉ አወጣች። ከአውቶቡሱ በላይ ባዶ ቦታ ነበር። እዚያ ላይ አንድ ደረጃ ጨመረች። «ልጅሽ ብትሸሽሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

ነጠላዋን ከዓይኗ አነሣች። «አልከተላትም። አልጎትታትም። ተናድጄም አልመለስም። እቀመጣለሁ። የቤት ሥራ እሠራለሁ፣ ሽንኩርት እልጣለሁ፤ ስትመጣ ያለሁበት ታገኘኛለች።»

ሐኪሟ ቃል በቃል ጻፈችው። ስንወጣ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «ዳግመኛ እንዳታደርጊው» አለችኝ፤ ቆየት ብላ ደግሞ «ለእናትሽ አዝናለሁ» አለች።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ሸኘኋት። ወንበሯ መሐል ላይ ነበር። በመስኮት ጣቶቿን አሳየችኝ፤ ሰባት። ከዚያ አውቶቡሱ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ሱቅ ስልክ ተደወለ። «ደርሻለሁ» አለች። «ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ፣ ፍተሻው ሲቆይ መጣብኝ። ስምንት ሆነ። ተቀመጥኩ፤ ሄደ።»

«ልጅቷስ?»

«ጎረቤት ቤት ገብታ አልወጣም ብላለች። እናቴን ነው እማዬ የምትላት። እኔን ‹ሴትዮዋ› ትለኛለች።»

ስልኩን ዘግቼ ጨርቁ ጀርባ ተቀምጬ አለቀስኩ። አባቴ መጥቶ አየኝ፤ ምክንያቱን ሳይጠይቅ ሱቁን ለአንድ ሰዓት ዘጋው። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ስልክ አልመጣም። ተመልሳ የምትመጣ፣ ቅስሟ ተሰብሮ ግቢው ውስጥ የምትከተት፣ ዳግመኛም የማትወጣ መሰለኝ። ስልኩ በጠራ ቁጥር እሮጥ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠራ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው። «ዛሬ ድንች ስልጥ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች» አለችኝ። «ብዙ ካየችኝ በኋላ ‹ባሕሩ እውነት ጨው ነው?› አለችኝ። ‹አዎ፣ ጨው ነው› አልኳት። ‹ታዲያ ዓሣው አይጠማውም?› አለችኝ። ምን ልበላት እህቴ? አላውቅም አልኳት። ከዚያ ቢላዋ አምጥታ አብራኝ መላጥ ጀመረች። ይኸው ነው። ሌላ ነገር የለም።»

«ስንት ነበር?» አልኳት።

«ምኑ?»

«ፍርሃቱ።»

«አልቆጠርኩትም» አለች።

ወሩ ሲያልቅ ተመለሰች፤ ሥራው ነውና። ሁለት ማክሰኞ ደግሞ መጣች፤ ፍርሃቱ ወደፊት ቢያገረሽ ምን እንደምታደርግ ሐኪሟ አጻፈቻት። በመጨረሻ፣ «ሌላ የምትጠይቂው አለ?» ስትባል፣ «አሁን ሚኒባሱ አያስፈራኝም። ሌላው ግን ብሶብኛል። በፊት የሦስት ዓመቷን ልጅ ነበር የምናፍቀው፤ አሁን የዘጠኝ ዓመቷንም ጨመርኩ። ለናፍቆት ዕቅድ የላቸውም?» አለች።

ሐኪሟ ሰማችና ራሷን ነቀነቀች። «የለኝም። ናፍቆት በሽታ አይደለም።»

ሴትዮዋ ፈገግ ብላ፣ «ልጅ የላቸውም ማለት ነው» አለች።

«ምን አለች?» አለችኝ ሐኪሟ።

«አመሰግናለሁ አለች» አልኳት። ሕጉን ለሁለተኛ ጊዜ ያፈረስኩት ያን ጊዜ ነው።

ከዓመት ተኩል በኋላ ጠቅልላ ሂርና ገባች። ሐኪሟም ሌላ አገር ሥራ አግኝታ ሄደች። ማክሰኞ ከሰዓት ሥራ ፈት ሆንኩ። ዛሬም ማክሰኞ ሲሆን ያችን ሞቃት ክፍል እመኛለሁ፤ ሦስት ሴቶች በሁለት ቋንቋ አንድ ወረቀት ላይ አቀርቅረን የተቀመጥንባትን።

ሴትዮዋ ሂርና በገባችበት ዓመት ለአረፋ ድሬዳዋ ሄጄ ስለ እናቴ አያቴን ጠየቅኋት፤ ከሞተች ወዲህ ስሟን አንስተን አናውቅም ነበር። አያቴ ዓይኗ ደክሟል፤ መቁጠሪያዋን እያገላበጠች፣ «ያን ሁለት ወር ሙቀቱ ሲበረታ ከሰዓት ትተኚ አልነበር?» አለችኝ። «ስትተኚ ጠብቃ ትመጣና አጠገብሽ ተቀምጣ በሰሌን ታራግብልሽ ነበር። ልትነቂ ስትይ ተነሥታ ትወጣለች። ፈርታሽ ነው።»

ተኝቼ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልነቃሁም።